መሬት በማይሸጥበት አገር ለቀይ ቀበሮ ቦታ ማቆየት፦ ለወሎ ደጋ

ሌላ አገር ገንዘብ አዋጥቶ መሬት መግዛትና ለዱር እንስሳት መተው የተለመደ ነው። እኛ ጋ ያ መንገድ የለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ብር ያሰባሰበ ማኅበር ወይም ከከተማ ሆኖ አገሩን መርዳት የሚፈልግ የወሎ ተወላጅ ስለ ሄክታር ብዛት ከማሰቡ በፊት «ከብቱ የት ይዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ገንዘቡ የሚውለው ገበሬው ቦታውን ሲተው ለሚቀርበት ግጦሽ፣ ሣርና ማገዶ ምትክ ለማቅረብ ነው። ይህ ያልተመለሰበት ክልከላ (ቦታውን ከከብትና ከእርሻ መዝጋት) የመጀመሪያውን በጋ አያልፍም።

መጀመሪያ ደብተሩን እዩ

የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ቦታው የወል መሬት መሆኑን፣ በግል ደብተር መያዙን ወይም የመንግሥት ደን መሆኑን አረጋግጡ። የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ውስጥ ከገባ ከቀበሌ ጋር የምትዋዋሉት ውል ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ። የግል ይዞታ ከሆነ በኪራይ ይያዛል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፣ ወረዳው ይመዝግበው። የወል መሬት ላይ ለሚተከል ደን ደግሞ የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን ስለሚያውቅ፣ በቃል ከመስማማት ይልቅ በዚያ መንገድ ማስመዝገቡ ይበጃል። ሊቀመንበር ሲቀየር የቃል ስምምነትም አብሮ ይቀየራል።

ወሰኑን በበጋ፣ በእግር እየዞራችሁ፣ በጂፒኤስና በድንጋይ ክምር ምልክት አድርጉ። የአጎራባች ቀበሌ ሽማግሌዎች አብረው ይዙሩ። ስብሰባው ላይ ያልነበረ የማዶ እረኛ ክልከላውን በመጀመሪያው ሳምንት ያፈርሰዋል፤ ደግሞም አይፈረድበትም፣ የነገረው የለም።

ደንቡን ቅሬው ይያዘው

አዲስ ኮሚቴ ለማቋቋም አትቸኩሉ። ወሎ ውስጥ ሰው የሚያፍረውና የሚሰማው ቅሬውን፣ ማለትም ዕድሩን ነው። የቅሬ ዳኛው ከያዘው መቀጮ ይከፈላል፤ ፕሮጀክት ያቋቋመው ኮሚቴ ግን አበል ሲቆም ይበተናል። ደንቡ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ማን ሣር ያጭዳል፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ ለገባ ከብት በራስ ስንት ይከፈላል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገባስ። ዓርብ መስጊድ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይነበብ። እንጨት የሚለቅሙትን ሴቶችና መሬት የሌላቸውን ወጣቶች ለብቻቸው አነጋግሩ፤ ትልቁ ስብሰባ ላይ አይናገሩም፣ ክልከላው ግን ከሁሉ በላይ የሚነካው እነሱን ነው። የጥበቃው ደመወዝ ከመቀጮ አይከፈል። ከተከፈለ ከብት ሆን ብሎ ወደ ውስጥ የሚነዳ ጥበቃ ይመጣባችኋል።

ለዚህ አርአያ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤታችን መንዝ የጓሳን ሜዳ ለዘመናት ያቆየው ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ቦታው ለዓመታት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ በጋራ ይከፈት ነበር።

ቦታውን በአንድ ጊዜ አትዝጉ። በሦስት ከፍላችሁ አንዱን ሲሶ ዝጉ። በዚያው ክረምት በየጓሮውና በእርከኑ ጠርዝ ትሪሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ፣ በማሳው ዳር አጃ ይዘራ። ትሪሉሰርኑ ለመታጨድ ዓመት ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሲሶ የሚዘጋው መኖው ሲደርስ ነው።

ከ3,000 ሜትር በላይ፦ ዛፍ አትትከሉ

ብዙ በጎ አድራጊ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፤ ወሎ ውስጥ አቡነ ዮሴፍ ላይና ቦረና ሳይንት ይገኛል። የሚኖረው ግን አይጥና ፍልፈል በሚበዛበት ገላጣ ሜዳ ነው። የጓሳ ሣርና ጅብራ ያለበት ቦታ «የተራቆተ» መስሏችሁ ባሕር ዛፍ ከተከላችሁበት ሣሩ ይጠፋል፣ አይጡ ይሄዳል፣ ቀበሮውም ይከተላል። ጭላዳም ቢሆን ኑሮው ሣር ነው።

እዚያ ሥራው ማረስን ማቆምና ግጦሽን መቀነስ ነው። ጓሳ በማጭድ ይታጨድ እንጂ አይነቀል፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ይተው። አጨዳው ከጥር ወዲህ ይሁን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀበሮዋ የምትወልድበት ወቅት ስለሆነ በጉድጓዷ አካባቢ ደቦ አይጠራ፣ ውሻም አይከተል።

ከዚያ በታች፦ ቦረቦርና ችግኝ

ቦረቦሩን ከላይ ጀምሩ። የድንጋይ ክትር ቁመቱ ከ1 ሜትር አይለፍ። መሠረቱ 30 ሳንቲሜትር ይቆፈር፣ ሁለቱ ጫፎች ግማሽ ሜትር ወደ ግድግዳው ይግቡ፣ መሐሉ ዝቅ ብሎ የውኃ ማሳለፊያ ይኑረው፣ ከሥሩም ድንጋይ ይነጠፍ። በሁለት ክትሮች መካከል ያለውን ክፍተት ለማግኘት የክትሩን ቁመት ለቦረቦሩ ተዳፋት አካፍሉ፤ ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ ክትሩ 1 ሜትር ከሆነ በየ10 ሜትሩ። መሐሉ ዝቅ ካላለ ጎርፉ በጎን ይዞርና አዲስ ቦረቦር ያወጣል፤ የፈረሱ ክትሮች አብዛኞቹ የፈረሱት በዚህ ነው።

የችግኝ ጉድጓድ 40 በ40 ሳንቲሜትር፣ ዝናቡ ከመግባቱ አንድ ወር ቀድሞ ይቆፈር፤ የላይኛው አፈር ለብቻው ይከመር፣ ሲተከል ወደ ሥሩ ይመለስ። ርቀቱ 2.5 ሜትር ከሆነ ለአንድ ሄክታር 1,600 ችግኝ ይገባል፤ ለመተኪያ 320 ጨምሩ። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ለአብዛኛው ደጋ ይስማማሉ። ተከላው አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ሳምንታት ይለቅ። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥር ሳይሰድ የጥቅምት ውርጭ ያገኘዋል። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ከታች የተጠመዘዘው ሥር ይቆረጥ። በዘመቻ ሲተከል ከነላስቲኩ የሚቀበረው ችግኝ ብዛት ያሳዝናል።

ቁጥቋጦ አትመንጥሩ። ደደሆና አጋም ጥላ ይሰጣሉ፣ የአጋሙ እሾህም ፍየል ይከላከላል። ወይራ ገላጣ ላይ ከሚተከል ከእነሱ ሥር ቢተከል የተሻለ ይይዛል።

የጸደቁትን ችግኞች በመስከረም መጨረሻና በሰኔ ቁጠሩ። መስከረም ላይ ብቻ የሚቆጥር ሪፖርቱ ያምራል፣ የበጋውን ሞት ግን አያይም።

ውሻ

ቀይ ቀበሮን በአንድ ዓመት ሊጨርሰው የሚችለው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር ነው። በአካባቢው ያሉትን ውሾች ቤት ለቤት ቁጠሩ፤ ከወረዳው እንስሳት ሕክምና ጋር ተነጋግራችሁ በየዓመቱ ቢያንስ 70 በመቶው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት፤ በበቅሎ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቀበሌ ከሆነ የበረዶ ሳጥኑን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ውሻ ሌሊት ይታሰር። የሞተ ከብት ሜዳ ላይ አይጣል፣ ውሻና ቀበሮ ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ ጥንብ ነው። ሞቶ የተገኘ ቀበሮ በባዶ እጅ አይነካ፤ በዚያው ዕለት ለወረዳው ይነገር።