ከውሃ ፓምፑ ሥር የሚንጠባጠብ ኩላንት፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ራዲያተር ላላቸው ሞተሮች ነው፤ ኩላንት የምንለው ሞተሩን እያቀዘቀዘ በራዲያተሩ ውስጥ የሚዞረውን ፈሳሽ ነው። በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዳንግላ ገበያ ጤፍና ድንች ከሚያመላልሱት ባለሦስት እግር የጭነት ሞተሮች ራዲያተር ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ጭነቱ ከባድ፣ ዳገቱ ረጅም ስለሆነ ችግሩም እነሱ ላይ ይበረታል።

አስቀድማችሁ ፍሳሹ ከየት እንደሚጀምር ለዩ። ሞተሩ ሲነዳ ነፋሱ ጠብታውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው እርጥብ ቦታ ሁሉ ቀዳዳ አይደለም። እጠቡት፣ አድርቁት፣ በፓምፑ፣ ኩላንቱ በሚያልፍባቸው የጎማ ቱቦዎች ጫፍና በራዲያተሩ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሱ። ከዚያ ፋኑ መዞር እስኪጀምር ድረስ ባለበት ቆሞ ይሥራ። ፓውደሩ ላይ መስመር ይሠራል፤ የመስመሩ ላይኛ ጫፍ ምንጩ ነው።

የጎማ ቱቦው ጫፍ ላይ ከሆነ

ፋሸታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) ላልቷል ወይም ጎማው ደርቋል። ስስ ፋሸታን በየሳምንቱ እያጠበቁ መሄድ ጎማውን ይቆርጠዋል። ጎማው የሚተርፍ ርዝመት ካለው የተሰነጠቀውን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና መልሳችሁ ግጠሙት። በጣት ሲጨመቅ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ አዲስ ግዙ።

ከራዲያተሩ ክዳን ሥር ከሆነ

ላስቲኩ ደክሟል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ግፊት የሌለበት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ 1.1 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ግን ሳይፈላ ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ደጋ ላይ ክዳን ቀላል ነገር አይደለም። አሮጌው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር እኩል የሆነውን ግዙ። ትኩስ ክዳን በጨርቅም ይዛችሁ ቢሆን አትክፈቱ።

የማፍሰሻ ቡሎኑ ሲያንጠባጥብ የመዳብ ሮንዴላውን ቀይሩ። ራዲያተሩ ራሱ ከተበሳ አውጥታችሁ አስበይዱ፤ እንቁላልና ዱቄት እየከተቱ ቀጫጭን መንገዶቹን አትዝጉ። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሲሊንደሩ መካከል ፍሳሽ የሚከላከለው ንጣፍ) ነው፤ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ከፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ

ደጋግሞ የሚመጣው ይኸኛው ነው። ጠዋት መሬቱ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ በቀዳዳዋ ዙሪያ ደግሞ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይታያል። በፓምፑ ዘንግ ላይ ሁለት ሲሎች (ፍሳሽ የሚያግዱ ቀለበቶች) አሉ፤ በራዲያተሩ ውሃ በኩል የውሃ ሲል፣ በሞተሩ በኩል የዘይት ሲል። ቀዳዳዋ በመካከላቸው የተተወችው ሆን ተብሎ ነው፤ ያለቀው ሲል ያሳለፈውን ወደ ውጭ ታወጣለች። ኩላንት ካወጣች የውሃ ሲሉ፣ ዘይት ካወጣች የዘይት ሲሉ አልቋል።

ቀዳዳዋን አትድፈኑ! በኢፖክሲ የተደፈነ፣ ቪት የተጠመዘዘበት፣ እንጨት የተሸጎጠበት ፓምፕ ጋራዥ መምጣቱን አላቋረጠም። ጠብታው ይቆማል፣ ባለቤቱም የዳነ ይመስለዋል። መውጫ ያጣው ኩላንት ግን የዘይት ሲሉን አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱም ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል። እንዲህ ሆኖ የተነዳ ሞተር ኩሽኔታውንና ፍሪሲዮኑን ይበላል። በአንድ ሲል ዋጋ ሊያልቅ የሚችለው ሥራ ሙሉ ሞተር ያስፈታል።

የውሃ ሲል ፍሳሹን የሚያግደው ካርቦን በሴራሚክ ላይ እየተሻሸ ነው፤ የሚያለሰልሳቸውም በመካከላቸው ያለው ስስ ኩላንት ነው። ከብር ወንዝ ወይም ከቆጋ ቦይ በጀሪካን የተቀዳ ውሃ ደለል ይዞ ይገባና ፊታቸውን ይፍቃል። ውሃው ጎድሎ ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን የወጣ ሞተር ደግሞ ሲሉን ደረቁን ያሻሸዋል።

ሁለቱንም ሲልና የፓምፑን ክዳን ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) አንድ ላይ ግዙ። ዘይት ሲሉ ላይ የተጻፉት ሦስት ቁጥሮች የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ናቸው። ፊቱ የተጫረ ወይም ያለ መሸፈኛ በሳጥን ውስጥ ሲንከባለል የኖረ የውሃ ሲል በነፃም አትቀበሉ።

ሞተሩ ሲበርድ ኩላንቱንና ዘይቱን አፍስሱ፤ የፓምፑን ክዳን ፍቱ። ኢምፔለሩን (ኩላንቱን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ) ከመታገላችሁ በፊት ጥርሱ በየት በኩል እንደሚፈታ እዩ፤ በተሳሳተ አቅጣጫ ሲገፋ ዘንጉ ይሰበራል። ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለ ዘንጉም ይቀየር፤ ኩሽኔታው ሲወዛወዝም እንዲሁ። አለዚያ አዲሱ ሲል አይቆይም።

የዘይት ሲሉ ስፕሪንግ ያለበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዙር፤ ከንፈሩን ዘይት ቀቡት። የውሃ ሲሉን የውጭ ጠርዙን ብቻ በሚነካ ሶኬት ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። መሐሉን በመዶሻ የመታ ሰው ካርቦኑን ሰንጥቆታል። የሴራሚኩን ላስቲክ በኩላንት ብቻ አርጥቡ። ግራሶና ዘይት አይንኩት፣ የሚሻሹትን ፊቶች ጣታችሁም አይንካቸው። የፓምፑን ክዳን ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች በ10 ኒውተን ሜትር ገደማ አጥብቁ፤ አሉሚኒየም ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ኦሪንግ ባለበት ሲሊኮን አትጨምሩ፤ የተረፈው ተቆርጦ ራዲያተሩን ይዘጋል።

ሙሌቱ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሁን። ሱቅ ውስጥ «የባትሪ ውሃ» ስትሉ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ጠርሙሱን አንብቡ። ቀስ ብላችሁ ሙሉ፤ ፊቱን ወደ ዳገት አቁማችሁ የራዲያተሩን ክዳን ሳትዘጉ አስነሱት። አረፋው ሲያልቅና መጠኑ ሲወርድ ጨምሩ፣ ከዚያ ዝጉ። ዘይቱ ነጥቶ ከነበረ አዲስ ዘይት ጨምራችሁ ለጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ ድፉት፤ ሁለተኛውን ሙሉበት።

የወጣው ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል። በሜዳ አትድፉት፤ የያዘውን ጀሪካንም ለመጠጥ ውሃ አትመልሱት።

በመጀመሪያው ቀን ከቀዳዳዋ አንድ ሁለት ጠብታ ቢወጣ አዲሱ ሲል ፊት ለፊት እስኪለማመድ ነው። በሦስተኛው ቀንም ካልቆመ ሲሉ ሲገባ ተጎድቷል፤ መልሳችሁ ፍቱት።