ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፦ ተራራ የሚያስወጣዎትን ድርጅት እንዴት ይመረምራሉ?

አዲስ አበባ ላይ የተራራ ጉዞ የሚሸጡት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ድርጅት ነው። ሁለተኛው ቅዳሜና እሑድ ከመስቀል አደባባይ አውቶቡስ ሞልቶ ወንጪና መናገሻ ሱባ ሲያመላልስ ቆይቶ አሁን «ራስ ዳሸን»፣ «ኪሊማንጃሮ» ማለት የጀመረ የቴሌግራም ቡድን ነው። ሦስተኛው ደላላ ነው፤ ጉዞውን ከታንዛኒያ፣ ከሞሺ ወይም ከአሩሻ ድርጅት ገዝቶ ትርፉን ደርቦ ይሸጣል። ከሦስቱም ጥሩ ሊገኝ ይችላል። ከየትኛው ጋር እየተነጋገሩ እንደሆነ ካላወቁ ግን ጥያቄዎ ሁሉ መልስ ወደሌለው ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ከዋጋ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ተራራው ላይ አብሮኝ የሚሄደው ማን ነው? የማንስ ተቀጣሪ ነው? ሻጩ የመሪውን ስምና የፈቃድ ቁጥር መስጠት ካቃተው ደላላ ነው፤ እንግዲያው ከበስተጀርባው ያለውን ድርጅት ስም ያስነግሩት።

ወረቀቱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ንግድ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የሥራ መስክ አስጎብኚነት ነው ወይስ የዝግጅት አዘጋጅነት? ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ፣ የካቲት ላይ ያልታደሰ ፈቃድ የሚያሳይ ድርጅት አንድ ነገር አለበት። ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫም ይጠይቁ። በፈቃዱ፣ በደረሰኙና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት፤ ገንዘቡ ወደ ግለሰብ ሒሳብ ይግባ ከተባሉ እዚያው ያቁሙ። አድራሻው አለመገጣጠሙ ብቻውን አያስደንግጥዎ፤ የፒያሳና የካዛንቺስ ፈረሳ ብዙ ቢሮ አዛውሯል። አዲሱን ቢሮ ግን በአካል ሄደው ይዩት።

ሰሜን ተራሮች ከሆነ መድረሻዎ፣ የድርጅቱ ድርሻ ከሚመስለው ያነሰ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደባርቅ ሲሆን፣ መግቢያው እዚያ ይከፈላል፣ መሣሪያ የያዘው ጠባቂ (ስካውት) እዚያ ይመደባል። መሪው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎውና ባለበቅሎውም ከዚያው አካባቢ ይገኛሉ። የአዲስ አበባው ድርጅት የሚጨምረው መጓጓዣ፣ ድንኳን፣ ስንቅና ኃላፊነት ነው። በመሆኑም የዋጋ ዝርዝሩን ለእያንዳንዱ ነገር በየረድፉ ያስጽፉ፦ የፓርክ ክፍያ፣ ስካውት፣ መሪ፣ አብሳይ፣ በቅሎ በቀን ስንት? «ሁሉም ተካቷል» ያለ ድርጅት ደባርቅ ሲደርሱ «የበቅሎው ለብቻ ነው» ይላል። ጭቅጭቁ ሁሌም የሚነሳው እዚያ ነው።

ለራስ ዳሸን ቀኖቹን ይቁጠሩ። መኪና እስከ ጨነቅ ስለሚገባ አንዳንዱ ሻጭ ከዚያ በፊት ያሉትን ማደሪያዎች፣ ሳንቃበርንና ግጭን፣ ዘሎ ጉዞውን ከ3,600 ሜትር ይጀምራል። ከጨነቅ ወደ አምቢቆ ደግሞ የቧሂትን መተላለፊያ ወጥቶ፣ እስከ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደገና መውጣት ነው፤ ጉልበት የሚያልቀው ያን ቀን ነው። በማግሥቱ በሌሊት ተነሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ ያለውን ጫፍ ወጥቶ መመለስ አለ። ይህን ሁሉ በሦስት ቀን የሚሸጥ ካለ የሚሸጠው ራስ ምታት ነው። ባሌ ግን ሌላ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ቢሆንም መኪና ጫፉ ድረስ ይደርሳል፤ «ወጣን» ለማለት ከሆነ ድርጅትም ላያስፈልግዎ ይችላል። ፈተናው ከዲንሾ ተነሥቶ በእግር ሳነቴን ማቋረጥ ላይ ነው።

ኪሊማንጃሮን በዋጋ ለመመዘን መጀመሪያ ወለሉን ያስሉ። ለውጭ ዜጋ የፓርኩ ታሪፍ በቀን 70 ዶላር የጥበቃ ክፍያ፣ ድንኳን ለሚጣልበት ሌሊት 50 ዶላር፣ ለነፍስ አድን አንድ ጊዜ 20 ዶላር ሲሆን 18 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል። ታሪፉ ስለሚከለስ የዓመቱን ይጠይቁ። በዚህ ሒሳብ ሰባት ቀንና ስድስት ሌሊት የሚፈጀው የማቻሜ መንገድ 490፣ 300 እና 20 ሲደመር 810፣ ከታክስ ጋር 956 ዶላር ገደማ ይሆናል። አንድ ሰው ገና እግሩን ሳያነሳ ለመንግሥት የሚከፈል ነው ይህ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች «ለአፍሪካውያን ቅናሽ አለ» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ በጽሑፍ ያሳይዎ። እንግዲህ 1,200 ዶላር የጠየቀዎት ድርጅት በቀረው 244 ዶላር መሪውን፣ ተሸካሚዎቹን፣ አብሳዩን፣ የሳምንት ምግብና መኪናውን ይሸፍናል ማለት ነው። አይሸፍንም። ጉድለቱን የሚከፍለው ተሸካሚው ነው፤ ደመወዙ ይቆረጣል፣ ወይም በቀን አንዴ ይበላል፣ ወይም ከሕጉ በላይ ይሸከማል። የተፈቀደው 20 ኪሎ ሲሆን በር ላይ ይመዘናል፤ ከዚያ ውስጥ የእርስዎ ሻንጣ 15 ኪሎ ቢበዛ ነው። የተሸካሚዎች አያያዝን የሚከታተል ፕሮጀክት ሞሺ ላይ አለ፤ ድርጅቱ አባሉ መሆኑን ይጠይቁ። ጉርሻው ስንት እንደሚጠበቅና ለማን እንደሚደርስም አስቀድመው ይስሙ፤ በጀትዎ ላይ ትልቅ ቁጥር ነው።

የአዲስ አበባ ሰው በ2,300 ሜትር ገደማ ስለሚኖር ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣው ይሻላል። ከ3,500 በላይ ግን ያ ብልጫ በፍጥነት ያልቃል፤ በኪሊማንጃሮ ጫፍ፣ 5,895 ሜትር ላይ፣ የሚተነፍሱት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ገደማ ነው። መመሪያው እንዲህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር ባይበልጥ፣ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን ዕረፍት ቢኖር። ይህን ይዘው በኪሊማንጃሮ የማራንጉ መንገድ የአምስት ቀኑን ጉዞ ማደሪያዎች ይመልከቱ፦ ማንዳራ 2,720፣ ሆሮምቦ 3,720፣ ኪቦ 4,700 ገደማ፤ በየቀኑ 1,000 ሜትር። ርካሹ እሱ ነው፤ ብዙ ሰው ጫፉ ሳይደርስ የሚመለስበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስድስተኛ ቀን ጨምሮ ሆሮምቦ ላይ የሚያቆይዎን ይምረጡ። በሰባት ቀኑ ማቻሜ ላቫ ታወር 4,600 ወጥተው ምሳ በልተው ወደ ባራንኮ 3,960 ወርደው ይተኛሉ፤ ጫፉ ላይ ልዩነት የሚያመጣው ያ ነው። ወሩንም ይዩ፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ «ቅናሽ» የሚልዎ ብዙ ነው፤ ሰሜን ተራሮችም ክረምቱን በጭጋግና በጭቃ ነው የሚያሳልፉት።

አሁን መሪውን ራሱን ያነጋግሩ፣ ቢያንስ በስልክ። «ልምድ አለህ?» ብለው አይጠይቁ፤ አለኝ ይላል። ይልቅ እንዲህ ይበሉት፦ «ባራፉ ላይ (ከጫፉ በፊት ያለው የመጨረሻ ሰፈር) ሌሊት አንዱ ማስመለስ ይዞታል፣ ቀጥ ባለ መስመር ተረከዝና ጣት እያገናኘ መራመድ አቅቶታል፤ ምን ታደርጋለህ?» ትክክለኛው መልስ አሁኑኑ ማውረድ ነው። «እስኪነጋ እናያለን» ካለ ከፍታ የሚያመጣውን የአንጎል እብጠት አያውቅም። ተቀምጦ ሳለ የሚያለከልክና እርጥብ ሳል የያዘው ሰውም እንዲሁ ወዲያው መውረድ አለበት። በተጨማሪ ኦክስጅን ስንት ሲሊንደር እንደሚያዝ፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ጠዋትና ማታ የሚታይ መሆኑን፣ ወደ ጫፉ በሚወጣበት ቀን፣ ባይደርሱም እንኳ፣ የሚመለሱበት ሰዓት ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ኦክስጅን የሚያዘው ለመውረጃ ነው፤ «በሱ ጫፉን እናስወጣዎታለን» የሚል ካለ ይተዉት። ዳያሞክስ (የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት) የሚያድል መሪም አይወደድም፤ ሐኪም ቤት ሄደው በራስዎ ያዙት።

የጉዞ ዕቃ ካከራዩዎ በቢሮው ውስጥ ይዘርጉት። የመኝታ ከረጢቱ ምልክት ላይ ከአንድ በላይ የሙቀት ቁጥር ይኖራል፤ የሚያስፈልግዎ ምቾት (comfort) የሚለው ነው፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ (extreme) ሳይሞቱ የሚያድሩበት ነው። ለባራፉ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ዚፑን ሦስት ጊዜ ይክፈቱ ይዝጉ፤ ወደ ብርሃን ይዘው ጥጡ የተጠራቀመበትን ይዩ፤ ያሽትቱት።

ውሉ በብር ከሆነ ዶላሩ በየትኛው ባንክ፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ ይጻፍ፤ ከሐምሌ 2016 በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይታወቃል። ቀብዱ ከ30 በመቶ አይለፍ። የሰሜን መንገድ በፀጥታ ቢዘጋ ወይም በረራው ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀን ይተላለፋል? ታሞ ቀድሞ ለወረደ ሰው የሆቴሉን ማን ይከፍላል? የጉዞ ኢንሹራንስዎ ብዙ ጊዜ ተራራ መውጣትን ወይም ከተወሰነ ከፍታ በላይ ያለውን ስለሚያወጣ፣ 6,000 ሜትርና ሄሊኮፕተር የሚለውን በፖሊሲው ላይ ፈልገው ያግኙ። ታንዛኒያ ለመግባት የቢጫ ወባ ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ይጠየቃል፤ ይህን ያላስታወሰዎ ሻጭ ሌላውንም ረስቷል።

ጥርጣሬ ከቀረዎ ቀብዱን ሳይከፍሉ የድርጅቱን የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ይግቡ፤ ዝቋላ ወይም እንጦጦ ይበቃል። ከፊት የሚሄደው መሪ በደካማው ሰው ፍጥነት ይራመዳል? ከመጨረሻው ሰው ኋላ የሚቀር ረዳት አለ? የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳውን ክፈቱልኝ ይበሉ፤ ፋሻው ከነማሸጊያው ካለ፣ መድኃኒቱ ጊዜው ካላለፈ፣ መቀስም ካለበት፣ ወደ ቢሮው ተመልሰው ውሉን ማንበብ ይጀምሩ።