ካሪቢያን ለዕረፍት ስትሄዱ፦ መጀመሪያ ደሴቱን፣ ከዚያ ሆቴሉን

የካሪቢያን ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ። ሕጉ ግን ከደሴት ደሴት ይለያያል፣ ያውም በጣም። አንዱ ጋ ሁለት ሴቶች ማዘጋጃ ቤት ገብተው ተጋብተው ይወጣሉ። በአውሮፕላን ብዙም በማይርቅ ሌላ ደሴት ደግሞ በ1864 የወጣ ሕግ ዛሬም አልተሻረም። ስለዚህ ጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ባይሴክሹዋል ወይም ትራንስ ከሆናችሁ ሆቴል ማማረጡን ለጊዜው ተዉትና ደሴቱን ምረጡ። ዕረፍት የሚወጣው ለማረፍ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ዙሪያችሁን እየቃኛችሁ የምታሳልፉበት ቦታ ላይ ያን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ አልመክራችሁም።

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቱ የማን ናት?

ሕጉን ለመገመት ቀላሉ መንገድ ይህን መጠየቅ ነው። ማርቲኒክ፣ ጓዴሎፕ እና ሴንት ባርት የፈረንሳይ ናቸው፤ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ከ2013 ጀምሮ ሕጋዊ ነው። ፖርቶ ሪኮና የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች በ2015ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተጠቃለዋል። የኔዘርላንድሶቹ ቦኔር፣ ሳባ እና ሲንት ዩስታሺየስ ቀደም ብለው በ2012 ፈቅደዋል። አሩባና ኩራሳኦ ዘግየት ብለው በጁላይ 2024 ተከተሉ፣ እሱም የኔዘርላንድስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስለወሰነ ነው። ኩባ ከእነዚህ ሁሉ ለየት ትላለች፤ በ2022 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚፈቅደውን አዲሱን የቤተሰብ ሕግ አጽድቋል።

አንዷ ደሴት ጭራሽ ለሁለት የተከፈለች ናት። የሴንት ማርቲን ሰሜኑ የፈረንሳይ፣ ደቡቡ የኔዘርላንድስ መንግሥት አካል ነው። መንገዱ ላይ ፓስፖርት የሚጠይቃችሁ የለም፤ ሆኖም በሰሜኑ የሚፈጸመው ጋብቻ የ2024ቱ ውሳኔ ያልነካው ደቡብ ውስጥ አይፈጸምም።

አስቸጋሪው ክፍል ቀድሞ በእንግሊዝ ሥር የነበሩትና ነፃ የወጡት ደሴቶች ናቸው። ከቅኝ ግዛት ዘመን የወረሱት ሕግ በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነትን ወንጀል ያደርገዋል፤ የአንዳንዶቹ ሴቶችንም ይጨምራል። ባሃማስ ይህን በ1991 ሽራዋለች። አንቲጓና ባርቡዳ፣ ሴንት ኪትስና ኔቪስ እንዲሁም ባርቤዶስ በ2022፣ ዶሚኒካ በ2024፣ ሴንት ሉሲያ በ2025 በፍርድ ቤት ውሳኔ ተላቀዋል። ጃማይካ፣ ግሬናዳ፣ ሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ ግን ሕጉን ይዘው ቀጥለዋል። ያ የ1864ቱ ሕግ የጃማይካ ነው፤ እስከ 10 ዓመት እስራት ያስቀጣል።

ትሪኒዳድና ቶቤጎን ደግሞ ለብቻዋ ልብ በሉ። በ2018 ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፣ ሰው ደስ አለው፣ ስንቱ የጉዞ ገጽም ያንን ጽፎ ቁጭ አለ። በማርች 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ገለበጠው። ስለዚህ ስለየትኛውም ደሴት ስታነቡ መጀመሪያ የተጻፈበትን ቀን እዩ። የእንግሊዝና የካናዳ መንግሥታት ለተጓዦች በሚያወጡት ምክር ውስጥ ለኤልጂቢቲኪው (ለጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ባይሴክሹዋል፣ ትራንስና መሰል) ሰዎች ራሱን የቻለ ክፍል አለ፤ ለእነዚህ ሰዎች መብት የሚሠራው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኢልጋ ወርልድም የየአገሩን ሕግ በካርታ ያሳያል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንዴ፣ ለመብረር ሳምንት ሲቀር ደግሞ አንዴ እዩት።

"ሕጉ እኮ ቱሪስት ላይ አይሠራበትም" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ በሆቴል ክፍላቸው ያሉ ጥንዶች በዚህ ሕግ ሲከሰሱ እምብዛም አይሰማም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ቦርሳችሁ ቢሰረቅ፣ በአፕ የተዋወቃችሁት ሰው "ገንዘብ ካልሰጣችሁኝ አጋልጣችኋለሁ" ቢል፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ሙሉ ታሪኩን መናገር ትችላላችሁ? ሕጉ ባለበት አገር ዘራፊውም ይህን ያውቃል። ይህን ጥያቄ ከጓደኛችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ መልሳችሁ "አንችልም" ከሆነ ደሴቱን ቀይሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ እኔ የምለው

ኩራሳኦ። ሕጉ ከጎናችሁ ነው፣ ዋና ከተማዋ ቪለምስታድም ቆንጆ ናት። የዩኔስኮ ቅርስ ናት፤ በወደቡ ዳር የተደረደሩት ቤቶች ቢጫ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ናቸው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለውን ውሃ የምትሻገሩት በኩዊን ኤማ ድልድይ ነው። ከ1888 ጀምሮ ያለ፣ በጀልባዎች ላይ የተንሳፈፈ የእግረኛ ድልድይ ነው። መርከብ ሲመጣ ደወል ይደወላል፣ በሩ ይዘጋል፣ ድልድዩ በሞተር እየተገፋ ወደ ጎን ይዞራል። ድልድዩ ላይ እንዳላችሁ ከተዘጋ አትደንግጡ፤ አብራችሁ ትዞራላችሁ። ማዶ ለመድረስ የቸኮለ በነፃው ጀልባ ይሻገራል። ማታ መብራቱ ሲበራ ደግሞ እዚያ ቆሞ ማየት ብቻውን መዝናኛ ነው።

ገንዘቡ ከ2025 ጀምሮ የካሪቢያን ጊልደር ይባላል፣ ዶላርም በየቦታው ይቀበላሉ። ሰዉ ፓፒያሜንቱ ይናገራል፤ "ቦን ዲያ" ብሎ ሰላምታ፣ "ዳንኪ" ብሎ ምስጋና ብዙ በር ይከፍታል። የኩራሳኦ ፕራይድ፣ ማለትም የኤልጂቢቲኪው ሰዎች በዓል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ቀኑን ግን በየዓመቱ አረጋግጡ።

የከተማ ግርግር የምትወዱ ከሆነ ደግሞ የፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን አለች። ሳንቱርሴ እና ኮንዳዶ የሚባሉት ሰፈሮች የጌይ መጠጥ ቤቶችና ለጥንዶች ምቹ የሆኑ ማረፊያዎች ያሉባቸው ናቸው። ዳይቪንግና ጸጥታ ለሚፈልግ ቦኔር ወይም ሳባ።

ወቅቱን አትርሱ። የአውሎ ነፋስ ወቅት በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ የሚከፋው ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ነው። አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳኦ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቬንዝዌላ ስለሚጠጉ አብዛኛው አውሎ ነፋስ በሰሜናቸው ያልፋል። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ አፕሪል አየሩ ደስ ይላል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ቪዛ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአሜሪካ በኩል የምትበሩ ከሆነ፣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ቪዛ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ካላችሁ የትራንዚት ቪዛ ትፈልጋላችሁ። የሸንገን ቪዛ በራሱ ማርቲኒክና ጓዴሎፕ አያስገባም። ኩራሳኦና አሩባም የራሳቸው የመግቢያ ደንብ አላቸው። ትኬቱ የማይመለስ ከሆነ ይህን ሳታጣሩ አትክፈሉ።

ሆቴሉን በግልጽ ጠይቁት

ድረ ገጹ ላይ ያለ የቀስተ ደመና ምልክት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ኢሜይል ጻፉ፣ አጭርና ግልጽ፦ "ባለትዳሮች ነን፣ ሁለታችንም ወንዶች ነን። ባለ አንድ ትልቅ አልጋ ክፍል እንፈልጋለን። ቀድሞም እንደኛ ያሉ እንግዶችን ታስተናግዳላችሁ?" መልሱን ስታነቡ ቃናውን እዩ። "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ክፍሉን ይዘንላችኋል" የሚል መልስ አንድ ነገር ነው። ጥያቄውን ዘሎ "ባለ ሁለት አልጋ ክፍልም አለን" የሚል መልስ ሌላ ነገር ነው። ጭራሽ ዝም ካሉ እሱም መልስ ነው። ይህን መጠየቅ ሊያሳፍራችሁ አይገባም፤ በካሪቢያን አንድ ትልቅ የሪዞርት ድርጅት እስከ 2004 ድረስ "ጥንድ" የሚለው ወንድና ሴትን ብቻ ነበር። መልሱን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ እንግዳ ተቀባዩ ግራ ሲጋባ ታሳዩታላችሁ።

በመርከብ ለምትሄዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መርከቡ ውስጥ የምታገኙት ነፃነት መርከቡ የቆመበትን ወደብ ሕግ አይሽረውም። በ2012 ዶሚኒካ ላይ ሁለት ወንዶች በክፍላቸው በረንዳ ላይ እርቃናቸውን ታዩ ተብለው ከመርከብ ወርደው ታስረዋል፣ ከዚያም ተቀጥተው ተለቀዋል። የጉዞውን መስመር ተመልከቱና በየወደቡ ያለውን ሕግ አንድ በአንድ እዩ። ደስ የማይል ወደብ ላይ ከመርከብ አለመውረድም ይቻላል።

ሻንጣና ወረቀት

መድኃኒት፣ ፕሬፕም (ኤችአይቪን አስቀድሞ የሚከላከለው) ሆነ ሆርሞን፣ ከነማሸጊያው በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ የሐኪም ማዘዣውም አብሮት። ለቀናት የሚተርፍ ጨምሩ፤ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ያለው ፋርማሲ የእናንተን ላይኖረው ይችላል። ትራንስ ከሆናችሁ ትኬቱ ላይ ያለው ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን፣ ምንም እንኳ ያ ስም የማትወዱት ቢሆን። ፍተሻ ላይ ነገሩ ከከበዳችሁ ለብቻ ክፍል ውስጥ እንፈተሽ ማለት ትችላላችሁ።

አብራችሁ የምትጓዙ ጥንዶች የሕክምና ውክልና ተፈራርማችሁ ሂዱ። ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ አስፈላጊው ወረቀት እሱ ይመስለኛል። ጋብቻችሁን የማያውቅ ደሴት ላይ አንዳችሁ ሆስፒታል ብትገቡ ሐኪሙ ሌላኛችሁን "ጓደኛ" ብሎ ከበር ሊመልስ ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንሱም በአየር ማመላለስን ይሸፍን፤ እንደ ሳባ ያለች ትንሽ ደሴት ከባድ ሕመምተኛን ወደ ሌላ ደሴት ነው የምትልከው።

እዚያው ልጋባ ያለ ደግሞ ቀድሞ መዝገብ ቤቱን ይጠይቅ። የፈረንሳይ ደሴቶች ላይ ለመጋባት ቢያንስ አንዳችሁ እዚያ አንድ ወር መኖር ይኖርባችኋል፤ ለሳምንት ዕረፍት የሚሆን ነገር አይደለም።

አንድ የማይጠበቅ ነገር፦ ባርቤዶስ፣ ጃማይካ፣ ትሪኒዳድ፣ ሴንት ሉሲያና ሌሎችም ላይ የወታደር ዥጉርጉር ልብስ መልበስ ክልክል ነው። ቁምጣም ቢሆን፣ ለሕፃን የተሰፋም ቢሆን። ቤት ተዉት።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ

እጅ ለእጅ መያያዝ ኮንዳዶ ባሕር ዳርቻ ላይ ምንም አይደለም፣ በጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን ገበያ ውስጥ ግን አደጋ ሊጠራ ይችላል። ሕጉ ጥሩ በሆነበት ደሴት እንኳ የገጠሩ መንደር ወግ አጥባቂ ነው፤ የአካባቢውን ጥንዶች እያያችሁ ተከተሉ። አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ርቀት የሚያሳየውን አጥፉ፣ መጀመሪያ በቪዲዮ ተነጋገሩ፣ መጀመሪያ የምትገናኙትም ሰው በሚበዛበት ካፌ ይሁን። የሆቴል ክፍል ቁጥር ለማንም አትንገሩ።

የደሴቱን ሰዎች አግኙ። ሕጉ ከባድ በሆነበት ጃማይካ እንኳ ጄ-ፍላግ የሚባለው የመብት ድርጅት ከ1998 ጀምሮ አለ። የትኛው ቦታ ደህና እንደሆነ፣ የትኛውን ታክሲ መያዝ እንደሚሻል ከማንም በላይ የሚያውቁት እዚያው የሚኖሩት ናቸው። ግብዣ ላይ ከጠሯችሁ ሂዱ፣ ስልኩን ግን ኪስ ውስጥ ክተቱት። እናንተ በሳምንቱ ትመለሳላችሁ፣ እነሱ ነገ ጠዋት ሥራ ይገባሉ፤ የአንድ ሰው ፊት ያለበት ፎቶ ሥራ ሊያሳጣ፣ ከቤት ሊያስባርር ይችላል። ሳይፈቅዱላችሁ አታንሱ። ከፈቀዱም ከመለጠፋችሁ በፊት ፎቶውን አሳይታችሁ እንደገና ጠይቁ፣ የቦታውንም ስም አትጻፉበት።