ቆሞ የሚከርም ካምፐር ቫን፦ በእድሳቱ ጊዜ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከኅዳር እስከ የካቲት አውሮፓ ውስጥ አብዛኛው ካምፐር ቫን፣ ማለትም እየተጓዙ የሚያድሩበት የቤት መኪና፣ ቆሞ ይከርማል። ጀርመን ውስጥ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የሚል የወቅት ታርጋ የለጠፈ መኪና በቀሩት ወራት መነዳቱ ቀርቶ ሕዝብ መንገድ ዳር መቆሙ እንኳ ክልክል ስለሆነ ግቢ ወይም ጋራዥ ይገባል። አላርሙ፣ ጂፒኤሱ፣ ሊቲየም ባትሪውና ሶላሩ የሚገዛው ያኔ ነው። ገንዘቡ ግን ዕቃው ላይ ያልቅና ዕቃውን የሚሸከሙት ሽቦው፣ ላሜራውና ማስቲሹ ይረሳሉ።

ስህተት 1፦ አላርም አስገጥሞ አላርሙን የሚቀልበውን ባትሪ መርሳት

አላርምና ጂፒኤስ አንድ ላይ 40 ሚሊ አምፔር ይጎትታሉ እንበል። ትንሽ ይመስላል። በቀን ግን ወደ 1 አምፔር ሰዓት ይጠጋል፤ በሦስት ወር 86 ይሆናል። የዱካቶ (የፊያት ቫን) ማስነሻ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 95 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ጥር ላይ መኪናው አይነሳም፤ ከዚያ በፊት አላርሙ ራሱ ዝም ብሏል።

መለኪያው ቀላል ነው። የኮፈኑን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፍተው የተዘጋ ያስመስሉ፤ አለዚያ መኪናው ክፍት ነኝ እያለ አይተኛም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈተው ቴስተሩን በ10 አምፔር መስመር በተፈታው ገመድና በባትሪው ጫፍ መካከል ያስገቡ። መኪናውን ቆልፈው ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ 30 ደቂቃ ይጠብቁና ያንብቡ። ቴስተሩ እንደተገጠመ ሞተር ለማስነሳት አይሞክሩ፤ ፊውዙ ይቃጠላል። ንባቡ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀሉ የሚጎትተውን ይፈልጉ።

መብራት ባለበት ቦታ የሚቆም መኪና ባትሪውን ሞልቶ የሚያቆይ ትንሽ ቻርጀር ይበቃዋል። መብራት ከሌለ የሊድ (የእርሳስ አሲድ) ባትሪውን በወር አንዴ ይለኩ፤ ሙሉው 12.7 ቮልት አካባቢ ነው፣ ከ12.4 ሲወርድ ቻርጅ ያድርጉት። ባዶ የሊድ ባትሪ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋና ቀፎው ሊሰነጠቅ ይችላል። የሞላው ግን አውሮፓ ውስጥ በሚያጋጥም ብርድ አይረጋም።

ጂፒኤሱን ሲገዙ 4ጂ መሆኑን ይዩ። ጀርመን የ3ጂ መረቧን እ.ኤ.አ. በ2021 ዘግታለች፣ በርካሽ የሚሸጡ የቆዩ መሣሪያዎች ግን ዛሬም ገበያ ላይ አሉ። ሲደብቁትም ብረት ሥር አይቅበሩት፤ ከክሩስኮቱ ፕላስቲክ ሥር ቢሆን ሳተላይቱን ያገኛል።

ስህተት 2፦ ሊቲየም ባትሪን በውርጭ ቻርጅ ማድረግ

ከሁሉም ውድ ስህተት ይሄ ስለሆነ ረዘም እንላለን። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ኃይል ይሰጣል፤ መቀበል ግን የለበትም። በብርድ ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት ሲገባው ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል። የተለጠፈው አይመለስም፤ ባትሪው የሚይዘው ኃይል ለዘለቄታው ይቀንሳል።

ብዙ ሰው «እኔ በክረምት ቻርጅ አላደርግም» ይላል። ሶላሩ ግን ያደርጋል። ሌሊቱን ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ያደረ መኪና ላይ ጠዋት ጥርት ያለ ፀሐይ ስትወጣ ፓነሉ ወዲያው ይነቃል፣ ባትሪው ግን እስከ ቀትር ድረስ በረዶ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ቢኤምኤሱ (ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ) በብርድ ቻርጅ የሚያቋርጥ መሆኑን ከመግዛትዎ በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ። ከሌለው የሙቀት መጠን የሚለካ ሶላር ኮንትሮለር ይግጠሙ፣ ወይም ለክረምቱ ፓነሉን ያላቅቁ። ሲያላቅቁ መጀመሪያ ፓነሉን፣ ቀጥሎ ባትሪውን ይንቀሉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ኮንትሮለሩ ሊበላሽ ይችላል።

ከኤጂኤም (የሊድ ባትሪ ዓይነት ነው) ወደ ሊቲየም የቀየረ ሰው ቻርጀሩንም ማስተካከል አለበት። የሊድ ባትሪ ቻርጀር ሲበርድ ቮልቱን ከፍ ያደርጋል። በውርጭ ከ15 ቮልት ሲያልፍ ቢኤምኤሱ በሩን ይዘጋል። የሙቀት ማካካሻውን ያጥፉና ቮልቱን ከ14.2 እስከ 14.4 መካከል ያድርጉት። መኪናው ሲቆም ሊቲየሙን ሞልተው አይተዉት፤ ከ50 እስከ 60 በመቶ ላይ ዋናውን ማብሪያ ያጥፉ። ኤጂኤም በተቃራኒው ሞልቶ ይቀመጣል።

ስህተት 3፦ ቀጭን ሽቦ፣ ሩቅ ፊውዝ

የአዳዲስ መኪኖች ዲናሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ቮልቱን ዝቅና ከፍ ያደርጋል፤ በድሮው ሪሌ የተገናኘ የቤት ባትሪ (የመኖሪያውን ክፍል መብራትና ዕቃ የሚቀልበው) በዚህ አይሞላም። ቮልቱን አስተካክሎ የቤት ባትሪውን የሚሞላ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ያስፈልጋል፤ እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። የሚበላሸው ሽቦው ላይ ነው። ቻርጀሩ 30 አምፔር ቢጎትትና ከማስነሻው ባትሪ 5 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነው። በ6 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ወደ 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ16 ካሬ 0.33 ብቻ። ከ12 ቮልት ላይ 0.9 ማጣት ብዙ ነው፤ የጠፋውም ሙቀት ሆኖ ሽቦው ውስጥ ይቀራል።

ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ ከባትሪው ፖዘቲቭ 20 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይቀመጥ። ቻርጀሩ ጋ የተቀመጠ ፊውዝ በመካከል ያሉትን 5 ሜትሮች አይጠብቅም፤ ሽቦው ላሜራ ጠርዝ ላይ ተፍቆ ቢላጥ እሳቱ የሚነሳው እዚያ ነው።

የሽቦውን ጫፍም ይዩት። በመዶሻ የተደቀደቀ የመዳብ ጫፍ ከላይ ጥብቅ ይመስላል፤ ቢቆርጡት ግን በክሮቹ መካከል ክፍተት አለ። ያ ክፍተት በየጉዞው ይሞቃል፣ ከወራት በኋላ የሽቦው ልባስ ከጫፉ ጀምሮ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠቁሮ ደርቆ ይገኛል። የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ይከራዩ ወይም ይዋሱ።

ስህተት 4፦ ለማይመጣ ሌባ መዘጋጀት

በየካምፕ ቦታው የሚወራ አንድ ወሬ አለ፤ ሌቦች ሌሊት ማደንዘዣ ጋዝ ነፍተው ይዘርፋሉ የሚል። የእንግሊዝ የማደንዘዣ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ይህ ሊሆን የማይችል ነው ብሎ በይፋ ተናግሯል። የ«ማደንዘዣ ጋዝ» አላርም ከመግዛት ይልቅ ኢኤን 50291-2 የሚል ምልክት ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይግዙ፤ ቁጥሩ ላይ 2 የሚለው ለመኪናና ለጀልባ የተፈተነ መሆኑን ያሳያል። የፕሮፔን አላርሙን ከወለሉ ብዙ ሳይርቁ ይግጠሙ፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ብርድ ገባ ብለው የጋዝ ሳጥኑን የታች ቀዳዳ በጨርቅ መድፈን ደግሞ ጨርሶ የማይሞከር ነው።

የሚመጣው ሌባ ካቻቢቴ ይዞ ነው። በአውሮፓ ካምፐር ቫኖች ላይ በብዛት የሚታየው ዱካቶ የፊት በሩ እጀታ አካባቢ ያለው ላሜራ ስስ ነው፤ ተበስቶ መቆለፊያው ከውስጥ ይገፋል። እዚያ የሚገባ የብረት መከላከያ ሳህን ከብዙ አላርም ይሻላል። ተጨማሪ ቁልፍ ከውጭ ቢታይ ጥሩ ነው፤ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ በአንድ እጅ መከፈት አለበት። እሳት ቢነሳ በጨለማ ቁልፍ አይፈለግም።

ትራፓኖውን ከማንሳትዎ በፊት የበሩን የውስጥ ሽፋን ያውርዱ፤ በጭፍን የበሱ ሰዎች የሽቦ እሽግ፣ አንዳንዴም የጎን ኤርባግ ገመድ ቆርጠዋል። የተበሳውን ጠርዝ ያለስልሱና ዚንክ ያለበት አንቲ ረስት ይቀቡ። ይህን የዘለለ ሰው በሁለተኛው ክረምት ቁልፉ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ያያል።

ስህተት 5፦ ሶላር ፓነልን በብርድ መለጠፍ

ፖሊዩሬታን ማስቲሽ የሚጠነክረው ከአየር ላይ እርጥበት እየወሰደ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እርጥበቱ ጥቂት ነው። ከ10 ዲግሪ በታች አይለጥፉ፤ የሚለካውም የጣሪያው ላሜራ እንጂ የጋራዡ አየር አይደለም። ጣሪያውን በአይሶፕሮፓይል አልኮል ያጽዱ፣ አምራቹ ያዘዘውን ፕራይመር ቀብተው ያድርቁ። ማስቲሹ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ተጨምቆ ካለቀ የጣሪያውን መንቀጥቀጥ አይችልም። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አውራ ጎዳና አይውጡ። ሲሊኮን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ከተነሳ በኋላ እንኳ ቅሪቱ ላይ ሌላ ማስቲሽም ሆነ ቀለም አይይዝም።

የቀሩት አጫጭር ናቸው

ፓምፑን ለመሞከር ሲሉ ውኃ የሞላ ሰው ማታ ሙሉውን ያፍስስ፤ የመታጠቢያው ራስ ወለል ላይ ይተኛ፣ ቧንቧዎቹ ለሙቅም ለቀዝቃዛም ክፍት ሆነው ይቆዩ። ለጋዙ ፕሮፔን ይሙሉ፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ተን መሆኑን ያቆማል።

ዕቃ በተጨመረ ቁጥር መኪናው ይከብዳል፤ የብዙ ቫኖች የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት 3,500 ኪሎ ነው። 100 አምፔር ሰዓት ኤጂኤም 28 ኪሎ አካባቢ ሲመዝን ሊቲየሙ 12 ገደማ ነው፤ ያተረፉትን ካዝናና ሁለተኛ ፓነል ቶሎ ይበሉታል። ሥራው ሲያልቅ ተሳፋሪ፣ ውኃና ነዳጅ ሞልተው ሚዛን ላይ ይውጡ፣ የፊቱንና የኋላውን ጎማ ለየብቻ ያስመዝኑ። ለኢንሹራንሱም አዲሱን ዕቃ ከነደረሰኙና ከነፎቶው ከመጋቢት በፊት በጽሑፍ ያስታውቁ።