አማርኛው ገጽ ጉግል ላይ ሲጠፋ ከየት ይጀመራል?

ጎንደር ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያዎችና ለአስጎብኚዎች ድረገጽ እሠራለሁ። ጥምቀት ሲቃረብ ሁሉም ሰው ድረገጹ ትዝ ይለዋል፤ ስልኬም አያርፍም። ፒያሳ አካባቢ ማረፊያ ያላቸው አንድ ጋሼ ደውለው፣ «እንግሊዝኛው ይመጣል። ጀርመንኛውም ይመጣል። አማርኛውን ግን የቤቴን ስም ጽፌ እንኳ አላገኘውም። ምነው፣ ጉግል አማርኛ አይችልም እንዴ?» አሉኝ።

ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ «አትግባ» ያለው ራሱ ድረገጹ ነው። ስለዚህ «አንደኛ አወጣችኋለሁ» ለሚል ሰው ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የራሳችሁን ቤት ፈትሹ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ፤ ገጹ ጭራሽ የለም ወይስ አለ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል? ጉግል ላይ በላቲን ፊደል ሳይት ብላችሁ ኮለን አድርጉ፤ ክፍተት ሳትተዉ የአማርኛውን ገጽ አድራሻ አስከትሉ። ከመጣ ገጹ ተመዝግቧል፤ ችግራችሁ የደረጃ ነው፣ ያ ሌላ ሥራ ነው። ካልመጣ ሰርች ኮንሶል ግቡ። የጉግል የራሱ መሣሪያ ነው፣ በነጻ። ከላይ ባለው ሳጥን አድራሻውን ስትለጥፉ ገጹ መመዝገብ አለመመዝገቡን፣ ካልተመዘገበም ምክንያቱን ይነግራችኋል። ምክንያቱን ሳታነቡ ምንም አትነካኩ።

አድራሻ ካልን አይቀር፣ አማርኛው የራሱ አድራሻ አለው? ቋንቋ የሚቀይረውን ባንዲራ ስትነኩ ጽሑፉ እየተቀየረ ከላይ ያለው አድራሻ ንቅንቅ ካላለ፣ ቋንቋውን የያዘው ኩኪ (ድረገጹ የእንግዳው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚተወው ትንሽ ማስታወሻ) ነው ማለት ነው። ጉግል አንዱን ቋንቋ ብቻ ያያል። የጉግል ትራንስሌት ቁልፍ ገጹ ላይ መለጠፍም ያው ነው፤ አንባቢው ፊት ይተረጉማል እንጂ አዲስ ገጽ አይወልድም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ አድራሻ መስጠት ነው። አቋራጭ የለውም።

ሌላው የተለመደ ጣጣ፣ እንግዳው ያለበትን አገር አይቶ ቋንቋ የሚመርጥ ድረገጽ ነው። ሐሳቡ ያምራል። ግን ጉግልቦት፣ ማለትም ገጾችን እየዞረ የሚያነብለት የጉግል ፕሮግራም፣ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። አማርኛውን ሊያነብ ሲሞክር ወደ እንግሊዝኛው ይወረወራል። ይህን ለመፈተሽ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ቪፒኤን የሌለው ስልክ መቼም ብዙ የለም። አሜሪካ ላይ አድርጉትና የአማርኛውን አድራሻ በግል መስኮት ክፈቱ። ወደ እንግሊዝኛው ከዘለለ በሽታው ተገኘ። መዝለሉን አጥፉና በምትኩ ቋንቋ መምረጫ ሊንክ ከላይ አስቀምጡ።

ወደ ጋሼ ድረገጽ ልመለስ። የእሳቸው አድራሻውም የተለየ ነው፣ መዝለልም የለውም። ሰርች ኮንሶል ግን ገጹን ተለዋጭ ገጽ ብሎ መድቦታል። ዝርዝሩን ስከፍተው ሁለት መስመር አለ፤ ባለቤቱ ያሳወቀው ካኖኒካል እና ጉግል የመረጠው ካኖኒካል። ሁለቱም ላይ የእንግሊዝኛው አድራሻ ተቀምጧል። ካኖኒካል ማለት «ዋናው ገጽ ያኛው ነው፣ እኔን ተወኝ» የሚል ምልክት ነው። ድረገጹን መጀመሪያ የሠራው ሰው እንግሊዝኛውን ገጽ ኮፒ አድርጎ ጽሑፉን ብቻ በአማርኛ ተክቶታል፤ የኤስኢኦ ፕለጊኑ (ለፍለጋ ሞተር ማስተካከያ ድረገጹ ላይ የሚጫነው ተጨማሪ መሣሪያ) ሳጥን ውስጥ የነበረው ካኖኒካል አብሮ መጣ። ሳጥኑን ባዶ ማድረግ በቂ ነበር። እያንዳንዱ ቋንቋ ካኖኒካሉ ወደ ራሱ ይጠቁም።

እግረ መንገዳችሁን ኖኢንዴክስ፣ ማለትም «አትመዝግበኝ» የሚል ምልክት ገጹ ኮድ ውስጥ እንደሌለ፣ ለጉግልቦት የት እንዳይገባ የሚነግረው ሮቦትስ ፋይልም የአማርኛውን ክፍል እንዳልከለከለ እዩ። ድረገጹ የተሠራው ዎርድፕረስ በሚባለው የድረገጽ መሥሪያ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሪዲንግ የሚለው ጋ የፍለጋ ሞተሮችን የምታባርር አንዲት ሳጥን አለች። ድረገጹ በግንባታ ላይ ሳለ ምልክት ተደርጎባት እዚያው የምትረሳ እሷ ናት። እሷ ከሆነች ግን ሁሉም ቋንቋ ነው የሚጠፋው።

ኤችሬፍላንግን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። «የዚህ ገጽ አማርኛው እዚያ ነው፣ ጀርመንኛው እዚያ ነው» የሚል ምልክት ነው። ብዙ ይወራለታል፤ የታገደ ገጽን ግን አያስመዘግብም። ሥራው ለሰው የሚገባውን ቋንቋ ማሳየት ነው። ምልክቱ የጋራ መሆን አለበት፤ እንግሊዝኛው ወደ አማርኛው ከጠቆመ አማርኛውም መልሶ መጠቆም አለበት። አለዚያ ጉግል ችላ ሊለው ይችላል። ኮዱንም እዩ። ኢትዮጵያ ነን ብለው «ኢቲ» የሚያስገቡ አሉ። ኢቲ የቋንቋ ኮድ ሲሆን ኢስቶኒያኛ ነው! የአማርኛው «ኤኤም» ነው። አገር መጨመር ከፈለጋችሁ ኤኤም፣ ሰረዝ፣ ኢቲ ብላችሁ ጻፉ። ከገለበጣችሁት ኢስቶኒያኛ ለአርሜኒያ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ኤኤም የአገር ኮድ ሲሆን የአርሜኒያ ነዋ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ገጹ ካልገባ፣ ገጹ ላይ የሚነበብ አማርኛ መኖሩን ተመልከቱ። ብዙ ማረፊያዎች የክፍል ዋጋውንና የሰሜን ተራሮች ጉዞውን በፖስተር ሠርተው ፎቶውን ይለጥፋሉ። ለሰው ጽሑፍ ነው፣ ለጉግል በአብዛኛው ሥዕል ነው። ብሮሸሩ ፒዲኤፍ ከሆነ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከወጣ የተተየበው ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ከሚጋራው የፊደል ኮድ) በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ነው፤ እንደገና ይተየብ።

ካስተካከላችሁ በኋላ ሰርች ኮንሶል ላይ ገጹ እንዲመዘገብ ጠይቁ፣ ሳይትማፑንም (የገጾቻችሁን አድራሻ ዝርዝር የያዘውን ፋይል) አስገቡ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ደጋግሞ መጠየቅ ወረፋ አያስቀድምም፤ ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ለዘንድሮ እንግዳ ያሰበ ሰው ታኅሣሥ እስኪጋመስ አይጠብቅ።