ቲዩብ ወይስ ትራንዚስተር? የቤት ፕሪአምፕ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፕሪአምፕ (ከማጫወቻው የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ መጠኑን አስተካክሎ ወደ ማጉያው የሚያስተላልፍ ዕቃ) ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቲዩብ ይሻላል ወይስ ትራንዚስተር?» ብሎ ነው። ሁለቱም ሲግናሉን የሚያጎሉ የውስጥ ክፍሎች ናቸው፤ ቲዩብ እየሞቀ የሚሠራ የመስታወት ቱቦ፣ ትራንዚስተር ደግሞ ትንሽ ጠጣር ክፍል ነው። እኔ ግን የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ከምን ጋር ሊሠራ ነው? ፕሪአምፕ ብቻውን ሙዚቃ አያሰማም። ከእሱ በፊት ሲዲ ማጫወቻ ወይም ሸክላ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ስፒከሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ፓወር አምፕሊፋየር (ፓወር አምፕ) አለ። ሁለቱን ካላስማማ የውስጡ ዓይነት ብዙም አይጠቅምም።

«ቲዩብ ሁሉ ለስላሳ፣ ትራንዚስተር ሁሉ ደረቅ» ብሎ መደምደም

ይህ አባባል መነሻ የለውም ማለት አይደለም። ትራዮድ የሚባለው ቲዩብ ቀለል ባለ ሰርኪዩት ውስጥ ሲሠራ ድምፁን በጥቂቱ ያዛባል። የሚጨምረውም በአብዛኛው ሁለተኛውን ሃርሞኒክ (ከዋናው ድምፅ ጋር አብሮ የሚወጣ ተጨማሪ ድምፅ) ነው። ሁለተኛው ሃርሞኒክ ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ፣ ማለትም የንዝረቱ ፍጥነት እጥፍ የሆነ ነው። ከሙዚቃው ጋር ስለሚስማማ ጆሮ አይቆረቁርም፤ እንዲያውም ድምፁን ወፈር ያደርገዋል። መጠኑን የሚወስነው ግን የሠሪው ዲዛይን ነው። ጥርት ያለ፣ ምንም ያልጨመረ የሚመስል የቲዩብ ፕሪአምፕ አለ። ለሰዓታት ቢያዳምጡት የማይሰለች ትራንዚስተርም አለ።

ኢምፔዳንስን አለማየት

ኢምፔዳንስ ማለት ዕቃው ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፤ የሚለካውም በኦም ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህን አለማየት ነው። ጥሩ ዕቃ ያለጥፋቱ ይወቀሳል።

ትራንዚስተር ፕሪአምፖች አብዛኛውን ጊዜ የመውጫ ኢምፔዳንሳቸው ዝቅተኛ ነው፤ ከ50 እስከ 200 ኦም አካባቢ። ቲዩቦች ግን ከ600 ኦም ተነስተው ጥቂት ሺህ ኦም ሊደርሱ ይችላሉ። የተለመደው መመሪያ የፓወር አምፑ የመግቢያ ኢምፔዳንስ ከፕሪአምፑ መውጫ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን ይላል። ለቲዩብ ከዚያም ቢበልጥ እመርጣለሁ።

ምክንያቱ ቤዝ ነው። ብዙ የቲዩብ ፕሪአምፖች መውጫቸው ላይ ካፓሲተር (ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ አግዶ የድምፁን ሲግናል የሚያሳልፍ ክፍል) አላቸው። ይህ ካፓሲተር ከፓወር አምፑ መግቢያ ጋር ሆኖ ዝቅተኛውን ድምፅ ይቆርጣል። ካፓሲተሩ 0.47 ማይክሮፋራድ፣ የአምፑ መግቢያ 47 ሺህ ኦም ቢሆን መቁረጫው 7 ኸርዝ (በሰከንድ 7 ንዝረት) ገደማ ላይ ይወድቃል። ይህን ማንም አይሰማውም። ያንኑ ፕሪአምፕ መግቢያው 10 ሺህ ኦም ከሆነ አምፕ ጋር ያገናኙት፤ አንዳንድ ክላስ ዲ የሚባሉ (በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ የሚያጎሉ) አምፖች እንደዚያ ናቸው። መቁረጫው ወደ 34 ኸርዝ ይወጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ከ2 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን ልዩነት መለኪያ) በላይ ይቀንሳል። ባለቤቱም «ቲዩብ ቤዝ የለውም» ብሎ ይሸጠዋል። ሁለት ቁጥሮችን ከመመሪያ መጽሐፉ አይቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጌን ሲበዛ ጥሩ ነው ብሎ ማሰብ

ጌን ማለት ዕቃው ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን ነው። ሲዲ ማጫወቻ በተለምዶ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። ብዙ ፓወር አምፖች ደግሞ ከ1 እስከ 2 ቮልት ሲገባላቸው ሙሉ ጉልበታቸውን ይሰጣሉ። በመሃል 20 ዲሲቤል ጌን ያለው ፕሪአምፕ ሲገባ ቮልቴጁን 10 እጥፍ ያደርገዋል። ውጤቱ? የቮልዩም ማዞሪያው ገና ነካ ሲደረግ ቤቱ ይናወጣል። ማዞሪያው መጀመሪያ ላይ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ እኩል አይሆንም። የፕሪአምፑም የራሱ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፤ በተለይ ስፒከሮቹ በትንሽ ዋት የሚጮኹ ከሆኑ።

ሸክላ የሚያዳምጡ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሙቪንግ ማግኔት የሚባለው ካርትሪጅ (መርፌው ያለበት የሸክላ ማጫወቻ ክፍል) የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ 40 ዲሲቤል አካባቢ ጌን ይፈልጋል። ሙቪንግ ኮይል የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ 60 ገደማ። የፎኖ (የሸክላ ማጫወቻ) መግቢያ የሌለው ፕሪአምፕ ገዝተው እንዳይቸገሩ አስቀድመው ይጠይቁ።

ድምፃቸውን እኩል ሳያደርጉ ማወዳደር

በ1 ዲሲቤል ከፍ ያለው ዕቃ «ጮኸ» አይባልም፤ «ጠራ፣ ሕይወት አለው» ነው የሚባለው። ጆሮ እንዲህ ይሸወዳል። ስለዚህ በቴስተር ይለኩ። 100 ኸርዝ የሆነ ያልተቋረጠ ድምፅ በትንሹ ያጫውቱና በስፒከሩ ገመድ ጫፍ ላይ ያለውን የኤሲ ቮልቴጅ ያንብቡ። ሁለቱን ፕሪአምፖች ከ1 በመቶ ባልበለጠ ልዩነት እኩል ያድርጓቸው። የቲዩቡን ግማሽ ሰዓት ያህል አሙቁት። ከዚያ ሌላ ሰው እየቀያየረ እርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ያዳምጡ። አድካሚ ነው፤ ግን ከዚህ የሚሻል ምክር የለኝም።

በብርሃኑ መማረክ

በአንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች ቲዩቡ የሚሠራው በጣም ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ቺፕ ነው። ብርቱካናማውን ብርሃን የሚሰጠው ከቲዩቡ ሥር የተደበቀ ኤልኢዲ የሆነበትም አለ። ቲዩቡ በስንት ቮልት እንደሚሠራ ይጠይቁ።

ቲዩብ ዕድሜ እንዳለው መርሳት

ትንንሽ ቲዩቦች በደንብ ከተያዙ ብዙ ጊዜ 5,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያገለግላሉ። በቀን 3 ሰዓት ለሚያዳምጥ ይህ ከ4 ዓመት በላይ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃቱ አይጋነን። አደጋው ያለው በመቀየሩ ላይ ነው። 12ኤኤክስ7 እና 12ኤዩ7 የሚባሉት የቲዩብ ዓይነቶች እግራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የማጉላት አቅማቸው ግን 100 እና 20 ገደማ ነው። ኢሲሲ88 የሚባለው ዓይነት ደግሞ መልኩ ቢመሳሰልም የማሞቂያው አገናኝ ይለያል። መመሪያው ያዘዘውን ብቻ ይሰኩ። ክዳኑንም አይክፈቱ፤ ውስጡ ከ200 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ሊነዝሩ ይችላሉ።

ሲያበሩ ፕሪአምፑን ያስቀድሙ፤ ፓወር አምፑን ቲዩቡ ከሞቀ በኋላ ያብሩ። ሲያጠፉ ፓወር አምፑ ይቅደም። ስፒከሮችን የሚጎዳው ድንገተኛ ምት የሚመጣው ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው።