የጎንደርን ነዋሪዎች ሁሉ የሚያሳይ የአካባቢ ቤተ መዛግብት እንዴት ይደራጃል?

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከመሠረቱ ወዲህ ስለ ከተማዋ የተጻፈውና የተጠበቀው ሰነድ በአብዛኛው የቤተ መንግሥቱና የአድባራቱ ነው። አዲስ ዓለም በተባለው የከተማዋ ሰፈር ሲነግዱና ሲሸምኑ የኖሩት ሙስሊሞች፣ በወለቃ መንደር ብረት የቀጠቀጡትና ሸክላ የሠሩት ቤተ እስራኤላውያን፣ እንዲሁም በከተማዋ ዙሪያና በጭልጋ በኩል የሚኖሩት ቅማንቶች በመዝገቡ ውስጥ ሲገኙ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ሌላ ሰው በጻፈላቸው ቃል ነው። በቤተ መጻሕፍት፣ በትምህርት ቤት ወይም በባህል ጽሕፈት ቤት አነስተኛ ክምችት የያዘ ሰው ይህን ለማስተካከል የሚከተለውን ቢሠራ ይጠቅመዋል።

በመጀመሪያ አዲስ ነገር ፍለጋ ከመውጣት በፊት በእጅ ያለውን መቁጠር ያስፈልጋል። አንድ ደብተር ተሰምሮ የሰነዱ ዓይነት፣ ዘመኑ፣ ጸሐፊው፣ ስለ ማን እንደሚናገርና ከማን እንደተገኘ ይመዘገባል። ስለ አንድ ማኅበረሰብ የሚናገሩ ሃያ ወረቀቶች ተገኝተው ሃያውም በውጭ ሰው የተጻፉ ከሆኑ ክፍተቱ አልተሞላም። በሌላ በኩል የጠፋ የመሰለው በእጃችን ሊኖር ይችላል፤ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭና የውርስ ውል ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ስለሚገኝ፣ እነዚህን ስሞች በዝርዝር ማውጣት ብቻውን በዜና መዋዕል ውስጥ የማይገኙ ሰዎችን ያወጣል።

ቀጥሎ ወደ ሰፈሩ መሄድ ነው፤ ደብዳቤ ልኮ መልስ መጠበቅ ግን ብዙም ፍሬ የለውም። በእድር ዳኛ፣ በመስጊድ ሽማግሌ ወይም በሰፈሩ የተከበረች እናት በኩል ገብቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ «እማማ፣ ይህ ፎቶ የማን ነው?» ብሎ መጀመር ይሻላል። የእድር መዝገብ፣ የኒካህ ውል፣ የዕቁብ ደብተር፣ በስቱዲዮ የተነሣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ በጎንደር ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሰጠ ወረቀት ሁሉ ይፈለጋል። በእድር መዝገብ ላይ አባሉ ብዙ ጊዜ ባልየው ስለሆነ ሚስት «የእገሌ ባለቤት» ተብላ ትቀራለች፤ ስለዚህ የሴቶችን የጽዋ ማኅበር ደብተር ለይቶ መጠየቅና ሙሉ ስማቸውን ከአንደበታቸው መጻፍ ተገቢ ነው። የቤተ እስራኤል ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። በ1977 ዓ.ም. አካባቢና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል ስለሄደ፣ ደብዳቤውም ሆነ በካሴት የተቀዳው ድምፅ ዛሬ ያለው በዚያው በቤተሰቡ እጅ ነው። እዚህ መገኘት ያለበት ቅጂው እንጂ ዋናው አይደለም። እንዲያውም ለሁሉም ማኅበረሰብ ቢሆን ተውሶ፣ ቀድቶ፣ በቀጠሮው ቀን መመለስ ከመውሰድ የበለጠ አመኔታ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰዳል፤ ባለቤቱ ማንበብ የማይችል ከሆነ ቅጹ በምስክር ፊት ይነበብለታል። ፎቶግራፉን ያነሣው፣ በፎቶው ላይ ያለውና ዛሬ በእጁ የያዘው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ መዘንጋት የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ፣ በሕይወት ያለ ሰው የጤና፣ የእምነት ወይም የቤተሰብ ጉዳይ የሚገኝበትን ሰነድ ያለ ጥንቃቄ ለአንባቢ መክፈት አይገባም። በቅርብ ጊዜ ግጭት የተጎዱ ሰዎች የሰጡት ቃል ከሆነ ደግሞ ሰጪው እስከሚወስነው ዓመት ድረስ ታሽጎ ይቀመጣል፤ ቀኑም በፖስታው ላይ ይጻፋል።

ስለ አያያዙ አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከሚጣበቅ አልበም ላይ አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ በጥፍሬ ለመላጥ ስሞክር የሙሽራዋ ነጠላ ጥለት ከነቀለሙ ተገሽልጦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተጣበቀውን ሳልነካ ገጹን እንዳለ በስካነር አነሣለሁ። ፎቶግራፍ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ጥራቱን በማይቀንሰው የምስል ፋይል በቲፍ (TIFF) ይነሣል፤ የስቱዲዮው ማኅተምና የእጅ ጽሑፍ ያለው ከኋላው ስለሆነ ጀርባውም አይዘለል። ቃለ መጠይቅ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዌቭ (WAV) ፋይል ይቀዳል። ቅጂው ሦስት ሆኖ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጣል። የሚዝግ አግራፍ ይወገዳል፤ የጎንደር ክረምት እርጥበቱ ብርቱ ስለሆነ ካርቶኑ ከወለሉም ከግድግዳውም ራቅ ብሎ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ከሁሉ የሚከብደው መግለጫ መጻፉ ነው። ለምሳሌ ከጀርባው «ፈላሻ ሸክላ ሠሪ፣ ወለቃ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶግራፍ ቢገኝ፣ «ፈላሻ» የሚለው አጠራር በቤተ እስራኤላውያን ዘንድ እንደ ስድብ የሚቆጠር ስለሆነ በክምችቱ መግለጫ ላይ መደገም የለበትም። ሆኖም የቀድሞው ጽሑፍ የዘመኑ ማስረጃ ስለሆነ አይሰረዝም፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ተገልብጦ «የመጀመሪያ ጽሑፍ» ተብሎ ይለያል። ከዚያ ፎቶው ለሦስት አራት አዛውንት ይታያል። አንዷ የጀበናውን አንገት አይታ ሠሪዋን ልታውቅ ትችላለች። የነገረችን ሰው ስምና የነገረችበት ቀን አብሮ ይጻፋል፤ ሁለት ሰዎች ከተለያዩም ሁለቱም ቃል ይመዘገባል። ዘመን ሲጻፍ ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ወይም ሂጅራ መሆኑ ይለያል፤ ዓ.ም. ከእ.ኤ.አ. ጋር ከተምታታ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ሾልኮ ይገባል።

መግለጫው ሲያልቅ ታትሞ ፎቶውን ላዋሰው ቤተሰብ ከእርሳስ ጋር ይወሰዳል። በእርሳስ አርመው የመለሱት ወረቀትም አይጣልም፤ ቁጥር ተሰጥቶት ከፎቶግራፉ ጋር በአንድ አቃፊ ይገባል።